ረክታችኋል ወይ?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ወደ ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ያደረግነውን ጉዞ ያልሄደ ሰው እንኳ ከፎቶው ያውቀዋል። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ሣሩ ገና ያልደረቀ፣ ሁላችንም ፈገግ ያልንበት ፎቶ ነው። እኛ የፕሮግራም ክፍል አባላት ያን ቀን ከአውቶቡሱ ሳትወርዱ አንዲት ወረቀት አድለናችሁ ነበር። «የእርካታ መጠይቅ» ትላለች። ትራንስፖርቱ፣ ምሳው፣ የአስጎብኚው ገለጻ፣ የሶላት ሰዓት አጠባበቁ፣ አጠቃላይ ዝግጅቱ እንዴት እንደነበር ትጠይቅና ከ«በጣም ረክቻለሁ» እስከ «ፈጽሞ አልረካሁም» ምልክት ታስደርጋለች።

ማታ ዶርም ተሰብስበን ወረቀቶቹን ስንቆጥር ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ከሁለት ሰው በስተቀር ሁላችሁም «በጣም ረክቻለሁ» ላይ ምልክት አድርጋችኋል። አንደኛው ምሳው ቀዝቅዞበት ነው። ሁለተኛዋ እህት ግን ምንም ችግር ሳትጠቅስ መካከለኛው ላይ ምልክት አድርጋ ከሥሩ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ጥሩ ቀን ነበር። ምን እንደተማርኩ ግን አላውቅም።»

እውነቱን ለመናገር ቅር አለን። ያን ሁሉ ደክመን፣ አውቶቡስ ለምነን፣ መዋጮ ሰብስበን ይህ ይባላል ወይ አልን። ለሹራው ባቀረብነው ሪፖርት ላይ «ተሳታፊዎች እጅግ ረክተዋል» ብለን ጻፍን፤ የእህታችንን አስተያየት አላካተትነውም። ዛሬ ይህን የምንጽፈው አንድም ያን ጉድለታችንን ለማመን ነው።

ነገሩ የተገለጠልን ከሦስት ሳምንት በኋላ በጁሙዓ ምሽት ሐለቃ ላይ ነው። የዕለቱ ደርስ በሱረቱ ቲን ላይ ነበር። ኡስታዛችን ስለ ወይራ ሲያብራሩ ቆዩና ወደ እኛ ዞር ብለው፣ «እናንተ በቅርቡ ጉለሌ ወጥታችሁ የለ? ወይራ አይታችኋል?» ብለው ጠየቁ። ዝም አልን። አንዱ ወንድማችን ስልኩን አውጥቶ ፎቶ መፈለግ ጀመረ። ሌላው «ብዙ ዛፍ ነበር ኡስታዝ» አለ። ከፊሉ ሳቀ፤ ኡስታዛችንም አብረው ሳቁ። ከዚያ ከኪሳቸው መፋቂያቸውን አውጥተው አሳዩን። «ይኸው፤ ጠዋት ከመንገድ የገዛሁት ወይራ ነው» አሉ።

በጣም ረክተናል ያልነው እኛው ነን። አስጎብኚው ከወይራው ፊት ለፊት አቁሞ ስሙንም ነግሮን ነበር፤ ኋላ ላይ ፎቶዎቹን ስናገላብጥ አንዳንዶቻችን ዛፉን ተደግፈን ቆመን አገኘነው። አላህ በቁርኣኑ የማለበትን ዛፍ ጀርባችንን ሰጥተን ፎቶ ተነስተናል።

ከዚያ ቀን በኋላ እርስ በርሳችን እየተጠያየቅን ቆየን። ያየነው ቦታ ምንድን ነው? ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በከተማው አስተዳደር ትብብር እ.ኤ.አ. በ2005 የተመሠረተ ነው። ስፋቱ 705 ሔክታር ነው። ይህን ቁጥር አስጎብኚው ሲነግረን ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን፤ ወደ እግር ኳስ ሜዳ ሲመነዘር ግን አንድ ሺህ ገደማ ሜዳ መሆኑን ያሰላነው ኋላ ነው። ሀገራችን ወደ 6,000 የሚጠጉ የዕፅዋት ዝርያዎች እንዳሏት፣ ከእነዚህም ከአሥሩ አንዱ ገደማ በሌላ ሀገር እንደማይገኝ የዕፅዋት ሊቃውንት ይናገራሉ። ማዕከሉ የተቋቋመው እነዚህን ለመጠበቅ፣ ለማጥናትና ለማስተማር ነው። ለሽርሽር ብቻ ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ጋራ ባላስፈለገም ነበር።

ከከተማው ቀና ብለን ስናይ «ጫካ» የምንለው የእንጦጦ ጋራ አብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ የአውስትራሊያ ዛፍ ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ ነው የመጣው። አዲሲቱ ከተማ በዙሪያዋ ያለውን ጽድና ወይራ ለማገዶና ለቤት ሥራ ቆርጣ ስለጨረሰች፣ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ተደርሶ ነበር። በፍጥነት የሚያድገው፣ ሲቆረጥም መልሶ የሚያቆጠቁጠው ባሕር ዛፍ ከተማዋን ባለችበት አጸናት። ውለታው ይህ ነው። ዕዳውም አለ። ውሃ አብዝቶ ይጠጣል፣ ቅጠሉ የወደቀበት ቦታ ሌላ ተክል እንደልብ አያበቅልም። ማዕከሉ ከባሕር ዛፉ መካከል ጽዱን፣ ወይራውን፣ ኮሶውን፣ ዝግባውን፣ ጥቁር እንጨቱን መልሶ ለማብቀል እየሠራ ነው። እኛ በጥቅምት የሄድን ጊዜ በዚህ የመቶ ዓመት ታሪክ መካከል ምሳ በልተን ተመለስን።

ታዲያ ለምን ረካን? ብዙዎቻችን ከሁለት ትምህርት ቤት የወጣን ነን። ጠዋት በመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት ወይም ቅዳሜና እሑድ በመድረሳ። በአንደኛ ደረጃ «አካባቢ ሳይንስ» የሚባል ትምህርት ተምረናል። ስለ አፈር መሸርሸር አራት ምክንያት፣ ስለ ደን ጥቅም አምስት ነጥብ ከጥቁር ሰሌዳ ገልብጠን በቃላችን ይዘናል። ከበሩ ውጭ ያለውን ቦይ ግን ማንም ወጥታችሁ እዩ አላለንም። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲ ገብተን አንድ ቀን ደጅ ስንወጣ፣ መውጣቱ ራሱ ትምህርት መሰለን። ንጹሕ አየር ሳብን፣ ከፈተና ተገላገልን፣ ከወንድሞች ጋር ሳቅን፤ ረክተናል አልን። አልዋሸንም። ወረቀቷ የጠየቀችን ያንኑ ነበር።

መድረሳው ግን በዚህ ጉዳይ የተሻለ ዘዴ ነበረው። በሉሕ ላይ የቀራን ሁሉ እናስታውሳለን። ኡስታዙ የዛሬው ሐርፍ ተመችቷችኋል ወይ ብለው ጠይቀውን አያውቁም። «አሰማ!» ነበር የሚሉት። ካሰማህ ታልፋለህ፤ ካላሰማህ ሉሑን ይዘህ ወደ ቦታህ ትመለሳለህ። ደግሞም የዛሬውን ብቻ አይደለም፤ ከሳምንት በፊት የቀራኸውን በድንገት ይጠይቁሃል። አንዳንዴ ኩርኩም እንደነበረው አንክድም፤ እሱን አናወድስም። ነገር ግን የተማርከው ነገር ትምህርት የሚባለው አንተ ጋ ሲቆይ መሆኑን ያስተማሩን እሳቸው ናቸው።

መድረሳችንም ቢሆን ጉድለት አላጣውም። የወሎ ደረሶች በየገጠሩ ከዛፍ ሥር ኪታብ ሲቀሩ ኖረዋል ይባላል። እኛ የከተማ ልጆች ግን ስለ ወይራ፣ ስለ ዝናብና ስለ ምድር ሕያው መሆን የሚናገሩትን አንቀጾች በሽንብራ ቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ሐፍዘን፣ ወይራን በዓይናችን ሳናውቀው አደግን። ጠዋት ጠዋት የምንፋቅበት እንጨትና በቁርኣን የተጠቀሰው ዛፍ አንድ ዝርያ መሆኑን ያወቅነው ገና አምና ነው። የሜዲትራኒያኑ ባለ ትልቅ ፍሬ፣ የእኛው ባለ ትንሽ ፍሬ፤ በዕፅዋት ሳይንስ ግን ወንድማማቾች ናቸው።

እንግዲህ ሁለተኛ ጉዞ አቀድን። ያቺን «ምን እንደተማርኩ አላውቅም» ያለችውን እህት ኮሚቴው ውስጥ አስገባናት። «እኔ አስተያየት ሰጠሁ እንጂ ሥራ አልጠየቅሁም» ብላ ነበር፤ እሺ አለችን፣ ጀዛሃላሁ ኸይር። ጉዞው ሰኔ መጀመሪያ ሆነ። እህቶች ለብቻ፣ ወንድሞች ለብቻ፣ አምስት አምስት ሰው ያለበት ቡድን ሆነን ተከፋፈልን። እያንዳንዱ ቡድን አንድ ዛፍ ብቻ ይሰጠዋል፤ ቅጠሉን ይስላል፣ ከሥሩ የበቀለውን ይቆጥራል፣ አፈሩን በእጁ ይነካል፣ ስሙን ከነጥቅሙ ጠይቆ ይመዘግባል፤ ከዚያ ለሌሎቹ ያስተምራል። ስልክ እስከ ዙህር ድረስ በቦርሳ ይቀመጣል። ምሳው ዳቦና ሙዝ ሆነ።

ከእንጂነሪንግ የመጣነው ደግሞ አንድ ሙከራ አዘጋጀን። ከላይም ከታችም የተከፈተ ትልቅ የወተት ጣሳ ነው። አስፈቅደን መሬት ውስጥ ጥቂት ጣት ያህል ቀበርነውና አንድ ሊትር ውሃ አፈሰስንበት። መጀመሪያ ከጽድ ሥር፣ የረገፈ ቅጠል ለስላሳ አድርጎ በሸፈነው አፈር ላይ፣ ቀጥሎ ሰው በተመላለሰበትና በጠነከረው የእግር መንገድ ላይ ሞከርን። ከጽዱ ሥር ውሃው ዓይናችን እያየ ጠፋ፤ ሰዓት የያዘው ወንድም «ጀመርኩ» ብሎ ሳይጨርስ አለቀ ማለት ይቻላል። በመንገዱ ላይ ግን ጣሳው ውስጥ ቁጭ ብሎ ቀረ። ዳቦአችንን በልተን ስንመለስ እንኳ ግማሹ አልሰረገም።

በክፍል ውስጥ የጎርፍ መጠን ስናሰላ «ሲ» የምንላት ቁጥር አለች። ከዘነበው ዝናብ ምን ያህሉ በላይ በላይ እንደሚፈስ የምታሳይ ናት። ለደን ዝቅ ያለች፣ ለተራቆተና ለተነጠፈ መሬት ከፍ ያለች ቁጥር ከሠንጠረዥ እያየን እንሞላ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ግድ ሳይሰጠን። ያን ቀን እዚያው መሬት ላይ ተቀምጠን አሰላናት። 10 ሔክታር መሬት ላይ በሰዓት 36 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥልና ምንም ባይሰርግ፣ በሰከንድ አንድ ሜትር ኩብ ውሃ ይወርዳል። «ሲ» 0.2 ብትሆን በሰከንድ 200 ሊትር ነው። 0.6 ብትሆን 600 ሊትር። ዝናቡ ያው ነው፣ ጋራውም ያው፤ የተለየው ከዛፉ ሥር ያለው ነገር ብቻ ነው። ልዩነቱ ቁልቁል ወርዶ በቀበና፣ በቀጨኔ፣ በሌሎቹም የከተማው ወንዞች ዳር ቤት ወደሠሩት ሰዎች ደጃፍ ይደርሳል። የጋራው ሌላኛው ወገን ደግሞ በሱሉልታ በኩል ወደ ሙገር፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ያፈሳል። ደቡቡ ወደ አቃቂና አዋሽ ይሄዳል፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። እንጦጦ ላይ ጎን ለጎን የወደቁ ሁለት ጠብታዎች አንዱ ሜዲትራኒያን፣ አንዱ አፋር ይደርሳሉ ማለት ነው። ይህን ካወቅን በኋላ ጋራውን ከግቢያችን ፎቅ ላይ ሆነን ስናይ እንደ ድሮው አናየውም።

ሁሉም መልካም አልነበረም። ከዙህር በፊት ዝናቡ መጣ። ጃኬት ያልያዘ ብዙ ነበር፤ እኛም አስቀድመን አላስጠነቀቅንም። ጭቃው ጫማ እየሳበ አስቀረ። ሁለት ቡድኖች በአንድ ዛፍ ተከራከሩ፤ አንዱ ጽድ ነው፣ ሌላው አስታ ነው ብሎ ድምፅ እስከ መወራወር ደረሱ። ከሁሉ የከፋው የውዱእ ውሃ ነው። ሦስት ጀሪካን ይዘን ነበር። ለዙህር እንደ ግቢያችን ቧንቧ አፋችንን ከፍተን ስንገለብጠው ሁለቱ አለቀ። ሦስተኛውን ለጣሳው ሙከራ የፈጀነው እኛው ነን። ለዐስር ሲደርስ በአንድ ጀሪካን ጥግ የቀረች ትንሽ ውሃ ብቻ ቀረች።

ያን ጊዜ አንድ ወንድም በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበውን ሐዲስ አስታወሰን፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ ውሃ ውዱእ ያደርጉ ነበር። ሙድ በሁለት እጅ የሚሞላ እፍኝ ያህል ነው፤ ሦስት ሩብ ሊትር ቢሞላ ነው። ሁላችንም ሐዲሱን እናውቀዋለን፤ ፊቅህ ላይ ተፈትነንበታል። ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ እየለካን፣ አንዱ ለሌላው በቀስታ እያፈሰሰ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ከግማሽ ሊትር ትንሽ ከፍ ያለ ሰጠን። በቃን። ለሁላችንም በቃን። ውሃዋ ሱብሐነላህ እንዴት እንደበቃች ብቻ ሳይሆን፣ ዙህር ላይ ምን ያህል እንዳባከንን ያን ጊዜ ገባን።

ተሰልፈን ቁልቁል ወደ አውቶቡሱ ስንወርድ፣ ከማዕከሉ ውጭ መንገዱ ዳር፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል በጀርባቸው ያዘሉ እናት አገኘን። ሸክማቸው ከእሳቸው ይበልጣል። የእኛ ልጆች ገና ሙከራው አልወጣላቸውም፤ ጎንበስ ብለው የመንገዱን ጠርዝ አፈር ይነካካሉ። እናቲቱ ቆም ብለው አዩንና «ምን ጠፋባችሁ ልጆቼ?» አሉ።

ከእኛ አንዱ፣ የተማረው ገና ትኩስ የሆነበት፣ ሸክማቸውን ሊያግዛቸው እየተጠጋ «እማማ፣ ይህ ቅጠል ሲጠረግ እኮ መሬቱ ይራቆታል፣ ጎርፍ ያመጣል» አላቸው። አላማው መጥፎ አልነበረም። እሳቸውም አልተቆጡም። «አውቃለሁ የኔ ልጅ» አሉት። «ልጅ ሆኜ የቀዳሁበት ምንጭ እዚያ ጋ ነበር፤ አሁን ክረምት ካልሆነ አይታይም። ታዲያ ማታ ምጣዱን በምን ላሙቀው? በምክር?» ሳቁና «ይልቅ አንሣኝ» አሉት። እስከ መታጠፊያው ድረስ ሁለት ወንድሞች ሸክሙን ተሸከሙላቸው። ሁለት ሆነው እየተቀባበሉ እንኳ አለከለኩ። መርቀውን ሄዱ። አውቶቡሱ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ያወራ ሰው አልነበረም።

ይህን ሁሉ አልፈን፣ እንደ ልማዳችን፣ ያችኑ የእርካታ ወረቀት አደልን። ውጤቱን መገመት አያቅታችሁም። ምሳው፣ ዝግጅቱ፣ አጠቃላዩ ሁሉ አሽቆለቆለ። «በረደን» የሚል፣ «ምሳው ምሳ አይባልም» የሚል፣ «እረፍት ብለን መጥተን ክላስ ሆነብን» የሚል ጽሑፍ በዛ። ያቺ እህታችን እንኳ «ረክቻለሁ» ላይ ምልክት አድርጋ «ጫማዬ ግን ተበላሽቷል» ብላ ጨመረች።

በሹራው ስብሰባ የገንዘብ ክፍል ወንድማችን የሁለቱን ጉዞ ወረቀት ጎን ለጎን አስቀመጠና ትክክለኛ ጥያቄ ጠየቀ። «ይህ ብር የተማሪ መዋጮ ነው፤ አማና ነው። በመጀመሪያው ሰው ረክቷል፤ በሁለተኛው አልረካም። በምን አፋችን ሦስተኛ እንጠይቃለን? ወይ እንደ መጀመሪያው እናድርገው፣ ወይ ብሩን ለዳዕዋ ፕሮግራም እናዙረው።» መልስ አልነበረንም። በወረቀቱ ከሄድን እሱ ልክ ነው። አንድ ነገር ብቻ ለመንነው፤ አንድ ወር ስጠን አልነው።

ሐምሌ ላይ፣ ለመጨረሻ ፈተና ከመበተናችን በፊት፣ የሁለቱንም ጉዞ ተሳታፊዎች አገኘን። በዚህ ጊዜ ረክታችኋል ወይ አላልንም። እንደ መድረሳው «አሰሙን» አልን። ሦስት ጥያቄ ብቻ ነበር። የሦስት ዛፍ ስም ከነምልክቱ ንገሩን። እንጦጦ ላይ የዘነበ ዝናብ የት ይሄዳል? ከዚያ ቀን ወዲህ የቀየራችሁት ነገር አለ?

የጥቅምቱን ብቻ የሄዱት ምሳውን አስታወሱ፤ ደስ የሚል ቀን እንደነበር መሰከሩ። የሰኔዎቹ ግን እየተሻሙ መለሱ። ጽድና አስታ ሲከራከሩ የነበሩት ሁለት ቡድኖች ልዩነቱን እስከ ዛሬ በእጃቸው ምልክት እያሳዩ ያስረዳሉ። ለውዱእ ቧንቧውን ከፍተው መተው ያቆሙ አሉ፤ አንዱ ዶርም በጠርሙስ መለካት ጀምሯል። የሸክሙን ወሬ ለእናቷ የነገረች እህት፣ አያቷ ራሳቸው ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው እናቷን እንዳሳደጉ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማች።

አንድ ወንድም ደግሞ ያልጠየቅነውን ተናገረ። «እኛ አምና በአረንጓዴ አሻራ ቀን ግቢ ውስጥ ችግኝ ተክለን ነበር። አይተነው እናውቃለን?» አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ በተነገረ ጊዜ ብዙዎቻችን የትምህርት ቤት ልጆች ሆነን ተክለናል፤ ከዚያ ወዲህም በየክረምቱ እንተክላለን። ፎቶ አለን። እዚያው ተነስተን ወደ ግቢው ጥግ ሄድን። ሣሩን እየገለጥን ፈለግን። ከተከልናቸው ግማሹን እንኳ አላገኘንም። ያገኘናቸውም ሐረግ የተጠመጠመባቸው ነበሩ። አንድ ሙስሊም ተክሎ ወፍም ሰውም እንስሳም ከበላለት ሰደቃ ይሆንለታል የሚለውን ሐዲስ ባነር ላይ ጽፈን ነበር የተከልነው። ባነሩ ቢሮአችን ውስጥ አለ። ችግኙን አንድም ቀን ውሃ አላጠጣነውም።

የገንዘብ ክፍል ወንድማችን አብሮን ቆሞ ያይ ነበር። ሐረጉን መጀመሪያ መንቀል የጀመረው እሱ ነው። ሦስተኛውን ጉዞ ፈቀደልን፤ በአንድ ቅድመ ሁኔታ፣ ሪፖርቱ ከወር በኋላ እንጂ በማግሥቱ እንዳይቀርብ።

በአማርኛችን መርካት ሁለት ነገር ነው። ሰው ይረካል፤ መሬትም ይረካል። ዝናብ ዘንቦ በላይ በላይ ከፈሰሰ «መሬቱ ረካ» አይባልም፤ ረጠበ ነው የሚባለው፣ ማግሥቱን ይደርቃል። ረካ የሚባለው ውሃው ውስጥ ሲገባና ሲቆይ ነው፤ ምንጭ የሚሆነውም ይኸው ነው። የጥቅምቱ ወረቀታችን የጠየቀው ረጥባችኋል ወይ ብሎ ነበር። እናንተም በሐቅ መለሳችሁ።

መደሰት መጥፎ ነው እያልን አይደለም። የሰኔው ብርድ በእኛ ዝግጅት ጉድለት የመጣ ነው፤ ለዚያ ይቅርታ እንጠይቃለን። የሚቀጥለው ጉዞ ላይ ጃኬት አስቀድመን እናስታውቃለን፣ ጀሪካኑም አምስት ይሆናል፤ ለውዱእ ግን በጠርሙስ ነው። ምሳው ትኩስ እንዲሆን ቃል ገብተናል። ዛፉን፣ ጣሳውንና ጭቃውን ግን አናስቀርም።

አዲስ ገቢ እህቶችና ወንድሞች፣ ጉዞው ኢንሻአላህ ኅዳር ላይ ነው። ምዝገባው ከጁሙዓ ሶላት በኋላ በጀመዓው ቢሮ ይካሄዳል። የምትይዙት ደብተር፣ እርሳስ፣ ጃኬትና የሚበላሽ ቢሆን የማያሳዝናችሁ ጫማ ነው። ከዚያ በፊት ቅዳሜ ከዐስር በኋላ ግቢ ጥግ ያሉትን የተረፉ ችግኞች እናጠጣለን፤ ለሱ ምዝገባ አያስፈልግም፣ ጀሪካን ያለው ይዞ ይምጣ።

በጉዞው ቀን አውቶቡሱ ውስጥ ምንም ወረቀት አናድልም። ከወር በኋላ ግን በካፌም በሐለቃም ስናገኛችሁ እንጠይቃችኋለን። ተዘጋጁ።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀትን ይስጠን፤ የተቀበልነውን አማና የምንጠብቅ ያድርገን። ኣሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ

የፕሮግራም ክፍል